ቮልሴ ዘይት ይጥላል፤ ሞተሩ ይከፈት ወይ?

ጥያቄ፦ «አባቴ የተወልኝ ቮልስ አለኝ። 1300 ነው፣ በፈረንጆቹ 1969 የተሠራ። ጠዋት ከቆመበት ሳነሳው መሬት ላይ መዳፍ የሚያህል ዘይት አገኛለሁ። ረጅም መንገድ ስሄድ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፤ ማሞቂያውን ስከፍት ሽታው ውስጥ ድረስ ይገባል። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ‹የኮፓ ጓርኒሲዮን (የዘይት ገንዳው ማሸጊያ) ነው› ብሎ በሲሊኮን ለጠፈው፤ ሁለት ሳምንት አልቆየም። ሁለተኛው ‹ኮምፕረሽኑ ወርዷል፣ ሞተሩ ይከፈት› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ወፍራም ዘይትና የሊኬጅ መድኃኒት ጨምርበት ይላል። ዘይት ሲቀየር አራት ሊትር ነው የሚገባው። የማንን ልስማ?»

መልስ፦ ከአራቱ ሊትር ልጀምር። የእርስዎ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ነው። አራት ሊትር የሌላ መኪና ልክ ነው። ትርፉ አንድ ሊትር ተኩል ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ በሞተሩ ሆድ ያለው አየር ይታፈናል፣ ዘይቱም መውጫ ይፈልጋል። ቮልስ ላይ መውጫው ሩቅ አይደለም። ከኋላ በኩል፣ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሊ ጋ፣ ክራንክ ሻፍቱ ከሞተሩ የሚወጣበት ቦታ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት) የለውም። ፋብሪካው ያደረገለት ዘይት የሚበትን ዲስክና ፑሊው አንገት ላይ የተቆረጠ ጠመዝማዛ ቦይ ነው። ፑሊው ሲዞር ቦዩ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ልኩ ሲጠበቅ ይህ ነገር በደንብ ይሠራል። ሲሞላ ግን አቅሙ አይደለም።

ስለዚህ ማንም ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ። ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። መለኪያውን አውጥተው ይጥረጉ፣ መልሰው ያስገቡ፣ ከዚያ ያንብቡ። ከላይኛው መስመር ካለፈ ትርፉ ይቀዳ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ከሩብ ገደማ ነው፤ የሞተሩን ዘይት ግማሽ ማለት ነው። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ሳይሆን በዘይትም ጭምር ስለሆነ ከታችኛው መስመር በታች መንዳትም አይሆንም።

መለኪያውን ሲያወጡ ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ዘይት ሳይጨምሩበት ከፍ እያለ ከሄደ፣ የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዶ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ሆድ እያወረደ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሞተሩን አያስነሱት። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናዎቹን (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸውን ማረፊያዎች) ይበላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሳት አለው። ፓምፑ ይሠራ፣ ዘይቱ ይቀየር፣ ከዚያ ስለ ሊኬጅ እንነጋገራለን።

«የኮፓ ጓርኒሲዮን» ያሉዎት ሰው ደግሞ ሌላ መኪና እያሰቡ ነው። ቮልስ ኮፓ የለውም። የሞተሩ ሆድ ግራና ቀኝ ሆኖ መሐል ላይ የሚገጥም ሁለት ግማሽ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ዘይቱ የሚቀመጠው እዚያው ውስጥ ነው። ከሥር ያለው በስድስት ትንንሽ ዳዶ የታሰረ ክብ ሳህን ነው። ከሳህኑ በላይ የሽቦ ወንፊት አለ፣ ከወንፊቱ ላይና ታች ደግሞ ሁለት ቀጭን ጓርኒሲዮን። እነዚያ ዳዶዎች የሚፈልጉት የማጥበቂያ ኃይል 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን እንደ ጎማ ቡሎን ይጨቁናቸዋል። ያኔ ሳህኑ ይጣመማል፣ ወይም ቡሎኑ ከነጥርሱ ከማግኒዚየሙ ተነቅሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምንም ጓርኒሲዮን ቢገባ አይይዝም። የተጣመመ ሳህን መስታወት ላይ ሲያስቀምጡት ወዲያው ይታወቃል፤ አዲስ ይገዛ፣ ከዳዶዎቹ ሥር የሚገቡት የመዳብ ዋሸሮችም አብረው ይቀየሩ።

የሲሊኮኑ ጉዳይ ያሳስበኛል። ሲሊኮን ሲጠበቅ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይወጣል። የውጪውን እናያለን፣ የውስጡ ተቆርጦ ወደ ወንፊቱ ይሄዳል። የእርስዎ ሞተር የዘይት ፊልትሮ የለውም። ያለው ያ ወንፊት ብቻ ነው፣ የዘይት ፓምፑም የሚስበው ከዚያው ነው። ወንፊቱ በሲሊኮን ፍርፋሪ ከተሸፈነ ሞተሩ ዘይት ይጠማል። ስለዚህ ሳህኑ ወርዶ፣ ወንፊቱ ታጥቦ፣ ሲሊኮኑ ተፍቆ፣ በደረቅ ጓርኒሲዮን ይገጠም። ይህን ወደ ሌላ ቀን አያስተላልፉት።

ወደ ኮምፕረሽኑ፣ ሲሊንደሮቹ አየሩን ወደሚጨምቁበት ግፊት፣ እንምጣ። ሁለተኛው ጋራዥ ለክቶ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጥያቄው ቁጥሩን ከምን ጋር አወዳደረው የሚል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ያንን የሳሳ አየር ስለሆነ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። መጽሐፉ ላይ 8 ባር የተጻፈለት ጤናማ ሞተር እዚህ 6 ባር ቢያሳይ በሽታ አይደለም። መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ ለብቻው ከወረደ ነገር አለ። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወልቀው፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ እንደገና ይለካ። ብዙ ጊዜ ሞተሩን የሚያስወቅሰው ቀዝቃዛ ልኬት ነው።

ጌጅ ከሌለ ሻካራ ፍተሻ አለ። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱና መዳፍዎን ያስጠጉ። ለስለስ ያለ ትንፋሽ የተለመደ ነው። እየተቆራረጠ የሚገፋ፣ ጭስ ያለው ትንፋሽ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) ደክመው ጋዝ ወደ ታች እያሳለፉ ነው። ይህን ማወቅ የሚያስፈልግዎ ለእድሳት ብቻ አይደለም። ውስጡ ግፊት ያለበት ሞተር ዛሬ የቀየሩለትን ማሸጊያ ጎማ ነገ ያስተፋዎታል። ከመሙያው ወደ አየር ፊልትሮው የሚሄደው የመተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው፣ ስለዚህ እሱን አስቀድመው ያጽዱ። ክዳኑ ሥር ቡና በወተት የመሰለ ቅባት ካዩ አይደንግጡ። «የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ራስ) ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃ ገባ» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ውሃው ከየት እንደመጣ ይጠይቁት፤ ቮልስ ራዲያተር የለውም። አጭር አጭር መንገድ ሲሄድ የሚጠራቀም ጤዛ ነው።

የጓደኛዎን ምክር ይተዉት። ወፍራም ዘይት ቀዳዳ አይደፍንም፣ ቀስ ብሎ ይወጣል እንጂ። አዲስ አበባ ጠዋት ትቀዘቅዛለች። በዚያ ሰዓት ወፍራም ዘይት ግፊቱ ይንራል፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ሥር ያሉትን ትንንሽ ጎማዎችም ይገፋል። ዛሬ የማይጥለውን ነገ ያስጥላል ማለት ነው። ለእኛ አየር 20 ደብልዩ 50 ወይም ንጹሕ 30 ቁጥር ይበቃል። በጠርሙስ የሚሸጠው መድኃኒት ደግሞ የሚያሳብጠው ጎማን ነው። የቫልቭ ክዳኑ ቡሽ፣ የሳህኑ ወረቀት፣ የተጣመመ ቆርቆሮ አያብጡም። እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማም ወደ ልጅነቱ አይመለስም።

አሁን ወደ ፍለጋው። የቮልስ ሊኬጅ ውሸታም ነው። ትልቁ ፋን አየሩን ከላይ ወደ ታች ይነፋል፣ መኪናው ሲሄድ ከሥር ያለው ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታል። ከግራ ላይ የጀመረ ዘይት ከመሐል ታች ሊንጠባጠብ ይችላል። ጠብታው ያለበትን ቦታ መጠገን ጊዜ ማባከን ነው። የሚፈለገው ከፍ ብሎ የሚገኘው የመጀመሪያው እርጥብ ቦታ ነው። እሱን በቆሸሸ ሞተር ላይ ማንም አያገኘውም፣ እኔም አላገኘውም።

ስለዚህ ይታጠብ። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። ናፍጣ ወይም ለዚሁ የሚሸጥ ማጠቢያ በብሩሽ ይቀባ፣ ጥጋጥጉ ይፈተግ፣ ከዚያ ግፊቱ ቀላል በሆነ ውሃ ይለቅለቅ። ካርቡራቶሩ፣ ዲስትሪቢዩተሩና ዲናሞው በላስቲክ ይሸፈኑ። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ እባክዎን አይፍቀዱ። የሞተሩ ሆድ ማግኒዚየም ያለበት ነው፣ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያባብሰዋል። ከሥር ለመግባትም በክሪክ ብቻ አይተማመኑ። ጠንካራ መደገፊያ ይቀመጥ፣ የፊት ጎማዎች ይታገዱ። ክሪኩን ደግሞ በፍጹም በሞተሩ ሥር ወይም በዚያ ክብ ሳህን ላይ አያድርጉት።

ከደረቀ በኋላ የሕፃን ፓውደር በተጠረጠሩት ቦታዎች ላይ ይነስንሱ። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ይንዱ፤ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። ሲመለሱ ወዲያው በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ነጩ ላይ የሚታየው ጥቁር መስመር መነሻውን ያሳያል። ከዚያ ከሥሩ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት፣ ካርቶኑ ላይ የጎማዎቹን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ሁለቱ ንባቦች የተለያየ ነገር ይናገራሉ። እየሠራ ብቻ የሚጥል ከሆነ ግፊት ካለበት ቦታ ነው፦ ከማቀዝቀዣው፣ ከዘይት መብራቱ ስዊች ወይም ከፑሊው። ቆሞ ሲያድር የሚያንጠባጥብ ከሆነ በራሱ ክብደት የሚወርድ ነው፦ ከቫልቭ ክዳኖች፣ ከፑሽሮድ ቱቦዎች (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች ከሚያልፉባቸው)፣ ከታችኛው ሳህን። የእርስዎ ሁለቱንም ይመስላል፣ ስለዚህ ከአንድ በላይ ቦታ ይጠብቁ።

ከቀላሉ ልጀምር። የቫልቭ ክዳኖቹ በግራና ቀኝ ታች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ የሽቦ ስፕሪንግ ብቻ የተያዙ። ዳዶ የለም፣ ማጥበቅ የሚባል ነገር የለም። ክዳኑ ከተጣመመ ወይም ሽቦው ከላላ መፍትሔው መቀየር ነው። የቡሽ ጓርኒሲዮኑ ቫልቭ በተስተካከለ ቁጥር አዲስ ይሁን። ማስቲሽ ከተፈለገ ክዳኑ ላይ ብቻ ይደረግ፤ ቴስታታው በኩል ደረቅ ይሁን። መኪናውን ዳገት ላይ ወይም በአንድ ጎኑ ጋደል አድርገው ካቆሙ ከዝቅተኛው ወገን በብዛት ሊወርድ ይችላል፣ ይህንንም ያስተውሉ።

የዘይት መብራቱ ስዊች ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ፣ በግራ በኩል ተጠምዝዞ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ሽቦውን ነቅለው የሽቦውን ጫፍ ይመልከቱ። ዘይት ካለው ስዊቹ በመሐሉ እያሳለፈ ነው፣ ይቀየር። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሥራውም አጭር ነው። ጥርሱ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ ከልክ በላይ ካጠበቁት የሞተሩን ሆድ ይሰነጥቃል። ሽቦውን መመለስ አይርሱ፤ ያ መብራት ሞተሩን ከሞት የሚያተርፍ ብቸኛ ማስጠንቀቂያዎ ነው።

ለእርስዎ መኪና ዋናው ተጠርጣሪዬ ግን የፑሽሮድ ቱቦዎቹ ናቸው። ስምንት ናቸው፣ ከሲሊንደሮቹ ሥር ከሆድ ወደ ቴስታታ ተዘርግተው ይታያሉ። ፑሽሮዶቹ በውስጣቸው ይመላለሳሉ፣ ወደ ቴስታታው የወጣው ዘይትም በእነሱ በኩል ይመለሳል። ስስ ብረት ናቸው። ጫፎቻቸው እንደ አኮርዲዮን የታጠፉ ናቸው፤ በሆድና በቴስታታ መካከል ተጨቁነው ጎማቸውን ይይዛሉ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሙቀት ጎማውን ያደርቀዋል፣ ኮብልስቶንና ጭቃ ደግሞ ብረቱን ይበላዋል። የሚያልፉትም በቀጥታ ከጭስ ቧንቧውና ከማሞቂያ ሳጥኖቹ በላይ ነው። እዚያ ላይ የወረደ ጠብታ ይጠበሳል። ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚሸትዎ ይህ ሊሆን ይችላል።

ኦሪጅናሉን ቱቦ ለመቀየር ቴስታታው መውረድ አለበት። ቴስታታው ሌላ ችግር ከሌለው ለዚህ ብቻ ማውረዱን አልመክርም። ሌላ አማራጭ አለ፦ በሁለት ቁራጭ ተሠርቶ በስፕሪንግ ወይም በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ቱቦ። የሮከር ዘንጉን ብቻ አውርደው፣ ፑሽሮዱን ስበው፣ የድሮውን ቱቦ ጨፍልቀው አውጥተው አዲሱን ያስገባሉ። እንደ ኦሪጅናሉ ዕድሜ የለውም፣ ርካሹ ደግሞ ራሱ በመገጣጠሚያው ያንጠባጥባል። ደህናው ከተገኘ ግን ቴስታታውን ሳይነኩ ዓመታት ያስኬዳል። አንድ ሁለቱ ብቻ የሚጥሉ ከሆነ የሚጥሉትን ብቻ ይቀይሩ። ቴስታታው በሌላ ምክንያት ከወረደ ስምንቱም በኦሪጅናል ይተኩ። ከመግባታቸው በፊት አኮርዲዮኑ እኩል ይሳብ፤ ለ1300 ቱቦው ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ስፌቱም ወደ ላይ ይዙር።

ቀጥሎ የዘይት ማቀዝቀዣው። በእርስዎ ዘመን ሞተር በግራ በኩል፣ በፋኑ ቆርቆሮ ውስጥ ተደብቆ ይቆማል፤ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉት። ጎማዎቹ ሲደክሙ ዘይቱ ከፋኑ አየር ጋር 3ኛና 4ኛ ሲሊንደር ላይ ይረጫል። ከሥር ሆነው በሁለቱ መካከል ወደ ላይ ይመልከቱ። የሲሊንደሮቹ ክንፎች ርሰው አፈር ከለጠፉ ዘይቱ የመጣው ከላይ ነው፣ ቱቦዎቹን ነጻ ያድርጓቸው። ይህን ችላ አይበሉ። ክንፉ በዘይትና በአቧራ የተደፈነ ሲሊንደር አይቀዘቅዝም፤ 3ኛው ደግሞ ድሮም ከማቀዝቀዣው ያለፈ ትኩስ አየር የሚደርሰው ምስኪን ነው። ጎማ ሲገዙ ይጠንቀቁ። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጡት 10 ናቸው። ጎማዎቹ አይለዋወጡም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆንም ይችላል፤ በዲናሞው መቀመጫ ሥር የተመታውን የሞተር ቁጥር ያንብቡ። በ«ኤፍ» ከጀመረ የ1300 ነው።

ጠብታው ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት መሐል ላይ ከሆነ ወደ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ የብረት ዲስክ) ፓራኦሊዮ እንሄዳለን። መጀመሪያ ግን ጣትዎን ነክረው ያሽትቱ። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለ ነው፣ ድኝ ድኝ ይላል። እሱ ከሆነ የሞተሩ ፓራኦሊዮ ንጹሕ ነው፤ የካምቢዮው ነው የደከመው። ሁለቱም ሞተር ማውረድ ይጠይቃሉ፣ ያ በራሱ ግን አያስፈራም። ይህ ሞተር በአራት ቡሎን የተያዘ፣ ክብደቱም 110 ኪሎ ገደማ ነው። ልምድ ላለው መካኒክ የጠዋት ሥራ ነው። ሞተር ማውረድና ሞተር መክፈት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዋጋ ሲጠየቁ የቱን እንደሚከፍሉ ይለዩ።

ፓራኦሊዮው ከመቀየሩ በፊት አንድ ፍተሻ አለ፤ ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው ፍሪሲዮን እየረገጠ ሲለቅ እርስዎ ከኋላ ፑሊውን ይመልከቱ። ፑሊው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲመላለስ በዓይን ከታየዎት ክራንክ ሻፍቱ ልቅ ነው። ጤናማው ልቅነት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ መጨረሻው 0.15። ይህን በዓይን መለየት ይከብዳል። ከታየ አልፏል ማለት ነው፤ ሲወርድ በትክክለኛ መለኪያ ይረጋገጥ። ልቅ ክራንክ ሻፍት አዲሱን ፓራኦሊዮ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ልኩ ውስጥ ከሆነ ፓራኦሊዮው ይቀየር፣ ቮላኖው ውስጥ የምትገባዋ ቀጭን የጎማ ቀለበትም አብራ ትቀየር። እሷን ረስቶ ፓራኦሊዮውን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚቀይር ሰው አይጠፋም። የቮላኖው 36 ቁጥር ዳዶ በትልቅ ቁልፍ እንጂ በመዶሻና በመሮ አይታሰርም፤ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል።

ዘይቱ ከኋላ ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ ከታየ ጉዳዩ ሌላ ነው። የአክስል ፓራኦሊዮ ነው፣ ፍሬን ሸራውን ያረጥባል። እስኪሠራ አይንዱት።

የማሞቂያው ሽታ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ማሞቂያ ሳጥኖቹ ላይ የሚጠበሰው ዘይት ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በሞተሩ ዙሪያ ባለው ቆርቆሮና በቦዲው መካከል የጎማ ማተሚያ መኖር አለበት። ብዙ ቮልሶች ላይ ተቆራርጧል ወይም ጭራሽ የለም። ሳይኖር ሲቀር ፋኑ ከሥር ያለውን ትኩስ አየርና ጭስ ወደ ላይ ይስባል። ያንኑ አየር ሞተሩ ላይ ይነፋል፣ ማሞቂያው ሲከፈትም ወደ እርስዎ ይልካል። ሞተሩ ይግላል፣ እርስዎም ይታፈናሉ። በዚያው መንገድ የማርሚታ ጭስ ሊገባ ይችላል፤ የጭሱ ዋና መርዝ ደግሞ አይሸትም። እስኪጠገን ማሞቂያውን ዘግተው፣ መስኮቱን ከፍተው ይንዱ።

ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ በአሮጌ ካርቶን ያለ «ኦሪጅናል» ማሸጊያ ጎማ ይቀርብልዎታል። ዕቃው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጎማ ሼልፍ ላይም ያረጃል። በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ካልሰረጎደ ይመልሱት። ሙቀት የሚችለውን የሲሊኮን ወይም የቫይተን ጎማ ይጠይቁ። ቀለም ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

እኔ ለእርስዎ መኪና የምወስነው ይህን ነው። ሞተሩ አይከፈት። መጀመሪያ ዘይቱ ወደ 2.5 ሊትር ይመለስ፣ ሳህኑና ወንፊቱ ከሲሊኮን ይጽዱ፣ የመተንፈሻው ቱቦ ይፈተሽ። በዚያው ቀን ሁለቱም የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮኖች ይቀየሩ፣ ስዊቹ ይታይ። ከዚያ ታጥቦ በፓውደር ይፈተሽ። ከትርፍ ዘይቱ ጋር ግማሹ ሊኬጅ ቢጠፋ አይገርመኝም። የቀረው ከቱቦዎቹ ከሆነ የሚረዝመውን ቱቦ ያስገቡ፣ ሞተሩ ባለበት ይቆይ። የቀረው ከማቀዝቀዣው ወይም ከቮላኖው በኩል ከሆነ ሞተሩ ይውረድ፤ አንዴ ከወረደ ፓራኦሊዮው፣ ቀለበቷ፣ የማቀዝቀዣው ጎማዎች፣ የካምቢዮው ፓራኦሊዮና የዙሪያው ማተሚያ ጎማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠሩ። ፍሪሲዮኑም ያኔ ይታያል፤ ዘይት ከጠጣ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ሲወርድ ባትሪው ይነቀል፤ ከኋላ መቀመጫው ሥር ነው። የቤንዚን የጎማ ቱቦው ይታገድ፣ ካረጀም አዲስ ይግባ።

ሙሉ እድሳት የምቀበለው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፦ ፑሊው በልኬት ከ0.15 ካለፈ፣ ከመሙያው የሚገፋው ጭስ ከባድ ሆኖ አንድ ሲሊንደር ለብቻው ከወረደ፣ ወይም ሆዱ ራሱ ከተሰነጠቀ። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከ3ኛው ሲሊንደር ጀርባ፣ ቮላኖው በኩል ይወጣል። የሚጥለውም የፓራኦሊዮ እስኪመስል ድረስ መሐል ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲወርድ ያ ቦታ ታጥቦ በመብራት ይታይ፤ ስንጥቅ ያለበትን ሆድ ፓራኦሊዮ አይፈውሰውም፣ በሲሊኮን ወይም በብረት ማጣበቂያ መለጠፍም ጊዜያዊ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ካርቶኑን እንደገና ያንጥፉ። በአንድ ሌሊት አንድ ጠብታ ካገኙ ይተዉት፣ መለኪያውን በየሳምንቱ እያዩ ይንዱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ካርቶኑን ሳይጥሉ ይዘውት ወደ ጋራዡ ይሂዱ።